ዝግ ሄድፎን አመራረጥና ከአምፕ ጋር ማጣመር፦ ባሕር ዳር ሆናችሁ ለምትገዙ

አምፕ (የሄድፎን ድምፅ ማጉያ) ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቧት። ብዙ ሰው ሚጠይቀኝ «የትኛው አምፕ ጥሩ ነው?» ብሎ ነው፣ ሄድፎኑን ገና ሳይመርጥ፣ ወይ ደሞ ገዝቶት ድምፁ አልጥም ስላለው አምፕ ያስተካክለዋል ብሎ ተስፋ አድርጎ። መልሴ ሁሌም ያው ነው፦ መጀመሪያ ጆሯችሁ ላይ ክፍተት ሳይኖረው ሚገጥም ሄድፎን፣ ቀጥሎ ሄድፎኑ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ሂሳብ፣ አምፕ ሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ሂሳቡን ስትሰሩ ደሞ ብዙዎቻችሁ ጭራሽ አምፕ እንደማያስፈልጋችሁ ታያላችሁ። አምፕ ድምፅ ያጎላል እንጂ በስፖንጁ (ጆሮ ላይ በሚያርፈው ትራስ) ዙሪያ ያመለጠውን ቤዝ አይመልስም። ዕቃው ከውጭ ነው ሚመጣው፣ አንዴ ከገዛችሁት መመለስ ሚባል ነገር ከባድ ነው፣ ስለዚ ቀስ ብለን እንሂድ።

1. የት ቁጭ ብላችሁ ነው ምትሰሙት?

ይሄን ሳትመልሱ ሱቅ አትሂዱ። ዝግ ሚባለው የኩባያው ጀርባ የተደፈነ ነው፣ የናንተ ድምፅ ወደ ውጭ አይወጣም የውጩም እንደልቡ አይገባም። ክፍቱ ደሞ ጀርባው በቀዳዳ ብረት ብቻ የተሸፈነ ነው፣ ድምፁ ሰፋ ያለና ለቀቅ ያለ ነው፣ እውነት ለመናገር ፀጥ ያለ ክፍል ላለው ሰው ክፍቱ ይሻላል። ግን ባሕር ዳር ላይ ፀጥ ያለ ክፍል ያለው ስንቱ ነው? ግሽ ዓባይ አካባቢ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ሚኖር ልጅ ባንድ በኩል የባጃጅ ጥሩምባ፣ ባንድ በኩል የጎረቤት ቲቪ፣ ሌሊት ውሻ አለበት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሞ ቆርቆሮው ላይ ሚወርደው ዝናብ ሰው ከሰው አያነጋግርም። ፔዳ ወይ ፖሊ ዶርም ያላችሁ ደሞ የናንተ ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን አጠገባችሁ የተኛው ልጅ እንቅልፍም አለ። ስለዚ ለኛ ከተማ ዝጉ ነው ሚያዋጣው ብዬ ነው ማምነው።

ዝግ ሲባል ግን ሁሉን ድምፅ ያጠፋል ማለት አይደለም፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተደፈነ ኩባያ በደንብ ሚከለክለው ከመሀል ወደ ላይ ያለውን ድምፅ ነው፣ የሰው ወሬ፣ የሳህን ኳኳታ፣ የዝናቡን ሹክሹክታ። ዝቅ ያለው ጉርምርምታ፣ የጀነሬተርና የአውቶቡስ ሞተር፣ አልፎ ይገባል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጎናችሁ ያለው ሱቅ ጀነሬተር ሚያስነሳባችሁ ከሆነና ዋናው ችግራችሁ እሱ ከሆነ ኖይዝ ካንስሊንግ ያለው ብሉቱዝ ሄድፎን ግዙ፣ እሱ የራሱ አምፕ ውስጡ ስላለ የዚህ ጽሑፍ የአምፕ ክፍል አይመለከታችሁም።

2. መግጠሙን ፈትሹ (ይሄን ክፍል እንዳትዘሉት)

የዝግ ሄድፎን ቤዝ ሚሰራው በታፈነ አየር ነው። ውስጥ ያለችው ስፒከር (ድራይቨር ይሏታል) ወደፊት ስትገፋ በሷና በጆሯችሁ መሀል ያለው ትንሽ አየር ይጨመቃል፣ ስፖንጁ ዙሪያ ቀጭን ክፍተት እንኳን ካለች አየሩ በዛች ይወጣል፣ መጀመሪያ ሚጠፋው ደሞ ዝቅተኛው ድምፅ ነው። ክፍተት ሚፈጥረው ምንድን ነው ካላችሁ፦ የመነፅር ዘንግ፣ ሹሩባ፣ ጆሮ ላይ የወረደ ሻሽ ወይ ኮፍያ፣ ከጆሮ ስር ገባ ያለ አገጭ፣ ያረጀና የተሰነጠቀ ስፖንጅ።

ባለፈው አንድ የፖሊ ተማሪ ዲቲ 770 ሚባለውን ዝግ ሄድፎኑን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቤዝ ሚባል የለውም፣ አምፕ ልግዛለት?» አለኝ። ልጁ ወፍራም የፕላስቲክ ዘንግ ያለው መነፅር አድርጓል፣ ዘንጉ ኋላ ጋ ስፖንጁን አንስቶት ጣት ምታስገባ ክፍተት ትታያለች። ዘፈኑን ሳላቆም ሁለቱን ኩባያ በመዳፌ ቀስ አድርጌ ወደ ጆሮው ጫንኩለት፣ ከበሮው ተመለሰ። «እንዴ!» ብሎ ዞሮ አየኝ። መነፅሩን አውልቆ ያለ መዳፌ ሲሰማው ያው ሆነ። «እሺ አምፑስ?» ሲለኝ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀጭን የብረት ዘንግ ያለው መነፅር» ነው ያልኩት። አሁን ቀጭኑን አሰርቶ በሰላም እየሰማ ነው። መነፅር መቀየር ማትችሉ ደሞ ዘንጉን ከጆሮ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከስፖንጁ በላይ አሳልፉት፣ ወይ ለስለስና ወፈር ያለ ስፖንጅ ያለውን ሄድፎን ምረጡ።

ሱቅ ውስጥ ወይ ጓደኛ ጋ ስትሞክሩ እንዲህ አድርጉ። ስልካችሁ ላይ 30 ኸርዝ አካባቢ ያለ (በጣም ዝቅተኛ ቤዝ ማለት ነው) ቀጥ ያለ የሙከራ ድምፅ አውርዳችሁ ያዙ፣ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ ዝቅ አድርጋችሁ አጫውቱትና ኩባያዎቹን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ስትጫኑት ድምፁ በጣም ከወፈረ፣ ስትለቁት ከሳሳ፣ ለናንተ ጭንቅላት አልገጠመም ማለት ነው። ለጓደኛችሁ ሊገጥም ይችላል፣ የሰው ጭንቅላት ይለያያል፣ ለዛ ነው የሰው ምስክርነት ብቻ ይዛችሁ እንዳትገዙ ምለምናችሁ። ከዛ ትንሽ አኝኩ ወይ አዛጉ፣ አገጭ ሲንቀሳቀስ ቤዙ ሚመጣና ሚሄድ ከሆነ እሱም ያው ችግር ነው። ከዛ ደሞ አድርጋችሁት ከሻጩ ጋር ወሬ ያዙ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቆይ፣ ቅስቱ አናታችሁን ሚቆረቁራችሁ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ታውቁታላችሁ።

ለድምፁ ራሱ ደሞ ምታውቁትን ነገር ስሙ። እኔ ሁሌ ምጀምረው በበገና ነው። በገና 10 አውታር አለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ከየአውታሩ ስር ምትገባው ቁራጭ ቆዳ ደሞ ያቺን ምታውቋትን ንዝረት ትሰጠዋለች፣ ስለዚ ባንድ መሣሪያ ሁለት ነገር ትፈትሻላችሁ። ሥሩ ላይ ውፍረት አለ ወይ? እሱ መግጠሙን ይነግራችኋል። ንዝረቷስ ከድምፁ ተለይታ፣ ጀምራ ስታልቅ ትሰማለች ወይ፣ ወይስ ከደርዳሪው ድምፅ ጋር ተቀላቅላ አንድ ጉም ሆናለች? እሱ ደሞ የሄድፎኑን ጥራት ይነግራችኋል፣ ርካሽ ዝግ ሄድፎን ላይ ኩባያው ውስጥ ድምፅ እየነጠረ ይቺን ንዝረት ያጠፋታል። ከበገና በኋላ ማሲንቆ፣ ላይኛው ድምፅ ጆሮ ሚወጋ ከሆነ ትሬብሉ በዝቷል። ከዛ ወሬ ብቻ ያለበት ነገር፣ የሬድዮ ዜና ይሁን ስብከት፣ ሰውየው በርሜል ውስጥ ሆኖ ሚያወራ ከመሰላችሁ መሀሉ ተበላሽቷል፣ ይሄኛው በኢኩዋላይዘርም (ቤዝና ትሬብል ሚያስተካክል አፕ) ለማስተካከል ያስቸግራል።

ምትሰሙበት ፋይልም ለውጥ አለው። ከቴሌግራም የወረደ በተደጋጋሚ የታመቀ ፋይል ይዛችሁ ውድ ሄድፎን ብትሞክሩ ሚሰማችሁ የፋይሉ ጉዳት ነው፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ንፁህ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።

3. የትኞቹን እንይ?

ሁሉንም አምጥቼ አልጨርሰውም፣ ለዓመታት የቆዩና መለዋወጫ ሚገኝላቸውን ብቻ ላውራ።

ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም50ኤክስ በ2014 የወጣ ነው፣ 38 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ)፣ ሴንሲቲቪቲው (በትንሽ ፓወር ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ቁጥር 4 ላይ እንመጣበታለን) 99 ዴሲቤል፣ ክብደቱ 285 ግራም። ቤዙም ትሬብሉም ትንሽ ጎላ ያለ ነው፣ ለዘፈን ይመቻል፣ ይታጠፋል፣ ከሁሉ በላይ ግን ገመዱ ይነቀላል። ሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገመድ ስለሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ብቻ ሶኬቱ ላይ ተጠምዝዞ ሚቆለፍ 2.5 ሚሊሜትር ጃክ ስለሆነ ያገኛችሁት ገመድ ሁሉ አይገባም። ኮፒው ደሞ በገበያው ሞልቷል፣ ፅሁፉ የተንሻፈፈ፣ ገመዱ ጠምዘዝ ሲደረግ ማይቆለፍ፣ ሲያዝ ቀለል ሚል ከሆነ ጥርጣሬ ያዙ።

ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ሚሰራ ነው፣ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይመጣል። የ80ውና የ250ው ስፖንጅ ቆዳ ሳይሆን ከፋይ ጨርቅ ነው፣ ለኛ ሙቀት ይሄን ሚያህል ጥቅም የለም፣ ቀኑን ሙሉ ብታደርጉት አይከብድም፣ ስፖንጁም ቅስቱም ለየብቻው ይቀየራል። ድክመቱ ላይ ላይ ያለው ትሬብል ይወጋል፣ «ሰ» እና «ሸ» ላይ ይሰማችኋል፣ ገመዱ ደሞ አይነቀልም፣ ከተበጠሰ ብየዳ ሚያውቅ ባለሙያ ጋ ነው።

ሶኒ ኤምዲአር-7506 ከ1991 ጀምሮ አለ፣ 63 ኦም፣ 106 ዴሲቤል፣ ቀላል ነው፣ ድምፅ ለማረም ቪዲዮ ሚሰሩ ልጆች ይወዱታል፣ ምክንያቱም ያለውን ጉድለት ሁሉ ያወጣዋል። ገመዱ ሚጠቀለል ነው፣ ከስልክ ጋር ይዞ ለመዞር አይመችም። የስስ ቆዳ ስፖንጁ ደሞ ይላጣል፣ ከገዛችሁት ቀን ጀምሮ መለዋወጫውን አስቡ።

ሴንሃይዘር ኤችዲ 280 ፕሮ 64 ኦም ነው፣ አምራቹ የውጭ ድምፅ እስከ 32 ዴሲቤል ይቀንሳል ይላል፣ ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ለጫጫታ ቦታ እሱ ነው፣ ግን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ትልቅ ጭንቅላት ያላችሁ ሳትሞክሩ አትግዙት። ኤኬጂ ኬ371 በ2019 ወጣ፣ 32 ኦም፣ ለኔ ከዝጎቹ ሁሉ የድምፅ ሚዛኑ የተስተካከለው እሱ ነው፣ በተለይ ለድምፃዊ። ነገር ግን ለክፍተት በጣም ስስ ነው፣ መነፅር ያላችሁ ቁጥር ሁለትን መልሳችሁ አንብቡ።

እኔን ካላችሁኝ ቤት ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ዲቲ 770 በ80 ኦም፣ ይዞ ለሚዞር ኤም50ኤክስ።

4. ስንት ቮልት ይፈልጋል? ሂሳቡ

እዚህ ጋ ሰው ይፈራል፣ ካልኩሌተር ብቻ ነው ሚፈልገው። ሁለት ቁጥር ያዙ፦ ኦሙንና ሴንሲቲቪቲውን። ኦም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ «250 ኦም ስለሆነ ከባድ አምፕ ይፈልጋል» ሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሴንሲቲቪቲ ማለት በ1 ሚሊዋት ስንት ዴሲቤል ያወጣል ነው። (አንዳንዱ ወረቀት በ1 ቮልት ነው ሚጽፈው፣ ኬ371 ለምሳሌ 114 ዴሲቤል በቮልት ይላል፣ የሁለቱን ዓይነት ቁጥር ጎን ለጎን አታወዳድሩ፣ ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል።)

ግባችን ሙዚቃው ላይ ድንገት ብድግ ሚሉት ድምፆች 110 ዴሲቤል ድረስ ሳይቆረጡ እንዲወጡ ነው። በ110 ስሙ ማለቴ አይደለም፣ በፍፁም፣ አማካዩ 75 ወይ 80 ሆኖ ከበሮው ሲመታ ቦታ እንዲያገኝ ነው።

ዲቲ 770ን እንስራው። ሴንሲቲቪቲው 96 ነው፣ 110 ሲቀነስ 96፣ 14 ዴሲቤል ይቀራል። 10 ዴሲቤል ማለት 10 እጥፍ ፓወር፣ 3 ዴሲቤል 2 እጥፍ ገደማ ነው፣ 14 ስለዚ ወደ 25 እጥፍ፣ ማለትም 25 ሚሊዋት። አሁን 0.025 ዋትን በኦሙ አባዙና ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ ቮልቱ እሱ ነው። ለ250 ኦሙ 0.025 ሲባዛ በ250፣ 6.25፣ ስኩዌር ሩቱ 2.5 ቮልት። ለ80 ኦሙ 1.4 ቮልት። ለ32 ኦሙ 0.9 ቮልት። አያችሁ? ሦስቱም ሚበሉት ፓወር ያው 25 ሚሊዋት ነው፣ ሚለያዩት በቮልት ነው፣ 250ው ብዙ ቮልትና ትንሽ ከረንት፣ 32ቱ ትንሽ ቮልትና ብዙ ከረንት። ኤም50ኤክስ በዚሁ ሂሳብ 0.7 ቮልት ይበቃዋል፣ 7506ቱ 0.4 ቮልት።

አሁን ያላችሁን ነገር እዩ። የስልክና የላፕቶፕ ጃክ በአብዛኛው ከግማሽ ቮልት እስከ 1 ቮልት ነው ሚያወጣው። ስለዚ 7506 ወይ ኤም50ኤክስ ያለው ሰው ጥሩ ስልክ ካለው አምፕ አይፈልግም፣ አለቀ። 80 ኦሙ ጠርዝ ላይ ነው። 250 ኦሙን 1 ቮልት ላይ ብትሰኩት ከፍተኛው 102 ዴሲቤል ነው፣ አሁን ጮክ ተደርጎ ለሚቀረፅ ዘፈን ይበቃል፣ ግን ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ዘፈን፣ ዝቅ ብሎ የተቀረፀ በገና ወይ ማኅሌት ስታስገቡ ቮሊየሙ መጨረሻ ደርሶ ገና ይቀራችኋል። እንግዲህ እኛ ምንሰማው አብዛኛው ጥሩ ነገር ደሞ እንደዚ የተቀዳ ነው፣ ለዚህ ነው አምፕን ሙሉ ለሙሉ ማልጥለው።

ኢኩዋላይዘር ምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ቤዙን 6 ዴሲቤል ስትጨምሩ እዛ ቦታ ላይ ሁለት እጥፍ ቮልት ነው ምትጠይቁት፣ ፓወሩ ደሞ አራት እጥፍ። 0.7 ይበቃው የነበረው ኤም50ኤክስ 1.4 ይፈልጋል ማለት ነው።

5. አምፑን መምረጥ

ጃክ የሌለው ስልክ ያላችሁ መጀመሪያ ዶንግል (ስልኩ ላይ ተሰክቶ የሄድፎን ጃክ ሚሰጥ ትንሽ መቀየሪያ)። የአፕል ዩኤስቢ-ሲ ዶንግል ትንሽ ናት ግን ንፁህ ነች፣ 1 ቮልት ታወጣለች፣ ለአውሮፓ ሚሸጠው ግን ግማሽ ቮልት ብቻ ነው፣ ዘመድ ሲያመጣላችሁ ከየት እንደሚገዛው ጠይቁ። አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ደሞ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ነው ምታወጣው፣ የዶንግሏ ችግር ሳይሆን ስልኩ ቮሊየሟን እስከ ላይ ስለማይከፍትላት ነው። ከዛ ከፍ ያሉት 2 ቮልት ሚያወጡ ዶንግሎች ናቸው፣ ለ80 ኦሙ ልክ ናቸው። ለ250 ኦሙ ጠረጴዛ ላይ ሚቀመጥ አምፕ፣ ለምሳሌ ጄዲኤስ ላብስ አተም ወይ ሺት ማግኒ ዓይነት። አተም በ32 ኦም 1 ዋት ይላል፣ 1 ሲባዛ በ32 ስኩዌር ሩቱ 5.7 ቮልት ነው፣ ለ2.5ቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ትርፍ አለው። ዋት ብቻ አይታችሁ አትደነቁ፣ ሁሌ «በስንት ኦም?» በሉ። እነዚህ የጠረጴዛዎቹ አምፕ ብቻ ናቸው፣ የስልኩን ዲጂታል ድምፅ ሚቀይረው ዳክ ለብቻው ሊያስፈልግ ይችላል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ያለበት በዩኤስቢ ሚሰራ ለጀማሪ ይቀላል። ድምፅ ምትቀዱ ልጆች ደሞ ፎከስራይት ስካርሌት ዓይነት ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር ሚያገናኝ ሳጥን) ካላችሁ የሄድፎን ጃክ አለው፣ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ሞክሩት።

ባላንስድ ሚባለውን ጃክ (ለግራና ለቀኝ ለየብቻው ሽቦ ያለውን) አትክፈሉበት፣ ከላይ ያሉት ሄድፎኖች ሽቦ ውስጣቸው ሳይቀየር በባላንስድ አይሰሩም።

ቀጥሎ አውትፑት ኢምፒዳንስ አለ፣ ማለትም የአምፑ የራሱ ውስጣዊ ኦም። ሄድፎኑ ከሱ ቢያንስ 8 እጥፍ እንዲበልጥ ይመከራል፣ ለ38 ኦሙ ኤም50ኤክስ ከ4.75 ኦም በታች ማለት ነው። ከዛ ከበለጠ ምን ይሆናል? ብዙ ሄድፎን ኦሙ በየድምፁ ከፍታ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ቤዙ አካባቢ ከፍ ይላል፣ የአምፑ ኦም ትልቅ ሲሆን እዛ ቦታ ድምፁ ያብጣል፣ ቤዙ ይበዛል ግን ይንቦጫረቃል። ድሮ 120 ኦም ሚል ደረጃ ነበረ፣ ያረጀ ሚክሰርና ሪሲቨር ላይ ያለ የሄድፎን ጃክ ብዙ ጊዜ ወደዛ የቀረበ ነው፣ 250 ኦሙ ሲሰካበት ብዙም አይሰማም፣ 32 ኦሙ ግን ይበላሻል።

ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ራሳችሁ ለኩት፣ ሬድዮ ጥገና ቤት ቴስተርና 33 ኦም ሬዚስተር አታጡም። 50 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ አጫውቱ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጉ፣ ሄድፎኑን ንቀሉ (ይሄን አትርሱ)፣ የጃኩን ጫፍና ግንድ ላይ ያለውን ቮልት አንብቡ። ከዛ 33 ኦሙን በዛው ሁለት ነጥብ ላይ አገናኝታችሁ እንደገና አንብቡ። 1 ቮልት የነበረው 0.9 ከሆነ፣ 1 ለ0.9 ሲካፈል 1.11፣ አንድ ስትቀንሱበት 0.11፣ በ33 ስታባዙት 3.7 ኦም ገደማ። ቮሊየሙን ሁለቱንም ጊዜ አትንኩት፣ ከመሀል በላይም አታውጡት።

6. መብራቱ

ይሄ ክፍል ዕቃ ያድናል። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው። የጠረጴዛ አምፖች አንዳንዶቹ ሚመጡት ትራንስፎርመር ካለው ከባድ አዳፕተር ጋር ነው፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ የገዛው ከሆነ አዳፕተሩ 115 ወይ 120 ቮልት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ሶኬቱን ብቻ በመቀየሪያ አስገብታችሁ ብትሰኩት ይቃጠላል። አዳፕተሩ ላይ ኢንፑት ሚለውን አንብቡ፣ 100–240 ካለ ችግር የለም፣ 120 ብቻ ካለ አትሰኩት፣ ዘመድ ሲያዝ ከመጀመሪያው የ230 ቮልቱን እንዲመርጥ ንገሩት። አውትፑቱንም እዩ፣ አተምም ማግኒም ኤሲ ሚያወጣ አዳፕተር ነው ሚጠቀሙት፣ ገበያ ላይ ያለው የራውተር ቻርጀር ዲሲ ነው፣ ጃኩ ስለገባ ብቻ አትሰኩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቱ ይዘላል፣ ሲጠፋ አምፑን ከሶኬት ንቀሉት፣ ስታቢላይዘር ያለው ሰው ደሞ በዛ ያሳልፈው። በዩኤስቢ ሚሰራ አምፕ በፓወር ባንክ ይሄዳል፣ ለኛ ሁኔታ ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው፣ ግን አንዳንድ ፓወር ባንክ ሚሳበው ከረንት ትንሽ ከሆነ «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ ስትገዙ ሞክራችሁ።

«እምምም» ሚል ድምፅ ከሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ስሙ። ከጠፋ ችግሩ አምፑ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ግራውንድ የሌለው ሶኬት ወይ ራሱ ቻርጀሩ ነው፣ ብዙ ኪራይ ቤት ላይ ያለ ነገር ነው፣ ኤሌክትሪሻን ጥሩ እንጂ አዲስ አምፕ አትግዙ።

7. ማገናኘትና ድምፅ ማስተካከል

ሰክታችሁ ከመጫወታችሁ በፊት ቮሊየሙን ዜሮ አድርጉ፣ ሄድፎኑን ከጆሮ አውርዳችሁ ጃኩን ክተቱ፣ ከዛ አድርጉና ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። የስልኩን ወይ የላፕቶፑን ቮሊየም ወደ ላይ አድርጉት፣ መቆጣጠር ያለበት አምፑ ነው። አምፑ ጌይን (የማጉላት ደረጃ) ሚል ማብሪያ ካለው በዝቅተኛው ጀምሩ፣ 7506 ዓይነት ስሜቱ የበዛ ሄድፎን በከፍተኛ ጌይን ላይ ሹሹታ ያሰማል፣ ቮሊየሙም ትንሽ ነካ ስታደርጉት ይጮሃል። ዘፈን ሳይኖር ሹሹታ ካለ ጌይኑ በዝቷል።

ኢኩዋላይዘር ከአምፕ በፊት ሞክሩት እላለሁ፣ ነፃ ነው። አንድሮይድ ላይ ዌቭሌት፣ ዊንዶውስ ላይ ኢኩዋላይዘር ኤፒኦ፣ ዌቭሌት ላይ ለብዙ ሄድፎን የተዘጋጀ ማስተካከያ አብሮ አለ፣ የናንተን ስም ፈልጋችሁ መጫን ብቻ ነው። የዲቲ 770 ወጊ ትሬብል በዚህ ይለዝባል። ቤዝ ከጨመራችሁ ግን አጠቃላይ ድምፁን (ፕሪአምፕ ሚለውን) በዛው ልክ ቀንሱት፣ 6 ከጨመራችሁ 6 ቀንሱ፣ ካልሆነ ይቆረጥና ይንኮሻኮሻል፣ ሰዎች ሄድፎኑ ፈነዳ ይላሉ።

ጆሯችሁን ደሞ አስቡበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው ደህና ሚለው፣ 3 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10። ዝግ ሄድፎን ይሄን ነው ሚጠቅማችሁ፣ የውጩን ስለሚቀንስ ከዝናቡ በላይ ለመጮህ ቮሊየም አትጨምሩም። በደንብ ካልገጠመ ግን ትጨምራላችሁ፣ በየቀኑም። ዝናብ ሲዘንብ ቮሊየሙን ከፍ ካደረጋችሁ ዝናቡ ሲያባራ መልሱት፣ ጆሮ ስለሚለምደው ብዙ ሰው እዛው ይተወዋል።

8. ሙቀቱና አያያዙ

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት የሐይቁ እርጥበት ተጨምሮበት ስስ ቆዳውን ስፖንጅ ቶሎ ነው ሚጨርሰው። ሰምታችሁ ስትጨርሱ በደረቅ ጨርቅ ላቡን ጥረጉት፣ አልኮል አትቀቡት ይሰነጥቀዋል፣ ቅባት የተቀባ ፀጉር ካላችሁ ደሞ ቅስቱንም ጥረጉ። መኪና ውስጥ መስታወት ስር አትተዉት፣ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱም ቦርሳ ውስጥ በላስቲክ አድርጉት። ስፖንጁ መላጥ ከጀመረ ክፍተት መጥቷል ማለት ነው፣ ቤዙ ቀስ በቀስ ስለሚሄድ አይታወቃችሁም፣ በ30 ኸርዟ ሙከራ በየጊዜው አረጋግጡ። ስትቀይሩ ያው የራሱን ዓይነት ስፖንጅ ግዙ፣ የዲቲ 770ውን ከፋይ በቆዳ ብትተኩት ድምፁ ይቀየራል፣ አንዳንዱ ይወደዋል፣ ግን ከመሰረቱ ሌላ ሄድፎን ነው ሚሆነው፣ ኢኩዋላይዘሩንም እንደገና ከዜሮ መጀመር አለባችሁ።